ዋስ ብዬ የጻፍኳቸው ስሞች

ይህን ታሪክ ለአንድ ሁለት ሰው አውርቼ ሁለቱም ሳቁብኝ። እናንተም መጀመሪያው ላይ ብትስቁ አልቀየማችሁም። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም ከት ብዬ የምስቅበት ነው። ብቻ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ፤ መጨረሻው አያስቅም።

ይመር እባላለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ኮሎምበስ ከመምጣቴ በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። አዲስ ተቀጣሪ ሲመጣ ፎርም አስሞላለሁ፣ ፎቶ እቀበላለሁ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዋስ አስጠራለሁ። አገር ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ዋስ የሌለው ሰው ሥራ የለውም። "ደመወዝተኛ ወይም ቤት ንብረት ያለው ዋስ አምጣ" ማለት የየቀን ንግግሬ ነበር። ዋሱ ሲመጣ ፊቱን እያየሁ "ይህ ሰው አጥፍቶ ቢሰወር የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ ገብቶዎታል?" እለዋለሁ። አብዛኛው ሰው እስክሪብቶውን ይዞ ትንሽ ያስባል። ያቺ ትንሽ ማሰብ ደስ ትለኝ ነበር። ሳያስብ የሚፈርም ዋስ አላምንም። አንድ ጊዜማ የሦስት ልጆች አባት የሆነ አናጺ ዋስ አጥቶ ስመልሰው በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ፤ እኔ ሻይዬን እየጠጣሁ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁ ነው።

እዚህ ስመጣ ያ ሁሉ ወግ ግሮቭ ሲቲ ያለው የመጋዘን በር ላይ ቀረ። ካርቶን አነሳለሁ፣ ካርቶን አወርዳለሁ። በሁለተኛው ዓመት ወገቤ ያዘኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ለማሰር እንኳ ግድግዳ መደገፍ ጀመርኩ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳይሞላኝ እንደ ሽማግሌ እያቃሰትኩ ከአልጋ መውረድ አሳፈረኝ።

ኮሎምበስ ውስጥ የነበረችኝ ዘመድ አንዲት ናት፣ እሷም የሥጋ አይደለችም። እትዬ ፋጡማ ደሴ ላይ የአክስቴ ጎረቤት ነበሩ። አየር ማረፊያ መጥተው የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ሰባት ወር ሙሉ ምድር ቤታቸው ውስጥ አኑረውኛል፤ ኪራይ ልክፈል ስላቸው "ለማን ብለህ? ለግድግዳው?" ይሉኝ ነበር። የራሴን ክፍል ተከራይቼ ከወጣሁ በኋላም እሑድ እሑድ እዚያው ነበርኩ። ከሃያ ዓመት በላይ የሆቴል አንሶላ እያጠቡ የገዙት ቤት ነው፣ ከቤክስሊ ሰፈር አንድ መንገድ ተሻግሮ። መስኮቶቹ አሮጌ ናቸው፤ ክረምት ሲመጣ በላስቲክ እንሸፍናቸዋለን። በራቸው ግን ቀን ቀን አይቆለፍም። የሚያውቃቸው ሰው ደወል አይደውልም፣ ገፋ አድርጎ ገብቶ "አሰላሙ ዓለይኩም" ይላል። እሳቸው ከወጥ ቤት ሆነው "ግባ፣ ክፍት ነው!" ይላሉ። ያንን የሚሉት ሰውየው ሳሎን መሃል ከደረሰ በኋላ ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት ስልኬን ስነካካ አንድ የሥራ ማስታወቂያ አየሁ። "ማርኬቲንግ አሶሺዬት። ልምድ አያስፈልግም። እኛ እናሠለጥናለን። የቢሮ ሥራ።" የያዘችኝ ቢሮ የምትለው ቃል ናት። ቢሮ ካለ ወንበር አለ። አፕላይ ባደረግኩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ደወሉልኝ፣ ያውም እሑድ ቀን። ኮምቦልቻ እያለሁ የሰው ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ አሥራ አምስት ቀን አሳድር የነበርኩ ሰውዬ ይህን ፍጥነት ሥልጣኔ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

እትዬ ፋጡማ ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

"አልሐምዱሊላህ! ወገብህ ሊያርፍ ነው በለኛ!"

ቁም ሣጥን ከፍተው የሟች ባላቸውን የጋሼ እንድሪስን ጥቁር ሰማያዊ ኮት አወጡ።

"ልበሰው።"

"እንዴ እትዬ፣ ይሄማ የጋሼ እንድሪስ ነው።"

"እሱ ምን ያደርግለታል? ኮት ሰው ይፈልጋል።"

ትከሻው ልክ ሆነ፣ እጅጌው ትንሽ አጠረኝ። ከኋላዬ ቆመው ብናኙን በእጃቸው እያራገፉ "ሥራውን ካገኘህም አትመልሰው፣ ካላገኘህም አትመልሰው" አሉኝ። እኔም ያንን ኮት ለብሼ እሳቸውን አላሳፍርም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ፈረቃዬን ከጓደኛ ጋር ተለዋውጬ ሄድኩ። በሰሜን በኩል ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ያለ ዝቅ ያለ ሕንፃ ነው። እኔ ብቻ የተጠራሁ መስሎኝ ነበር፤ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ዘጠኝ ሰው ጠበቀኝ። ሙዚቃው ሰርግ ቤት ነው የሚመስለው። በየመሃሉ አንድ ሰው ከውስጥ ደወል ይመታል፣ ሠራተኞቹ በሙሉ ያጨበጭባሉ፣ እኛም አብረን እናጨበጭባለን። ለምን እንደምናጨበጭብ የጠየቀ የለም።

ከዚያ ብራያን የሚባል ጥርሱ የሚያበራ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ ሁላችንንም አንድ ክፍል አስገባን። ጠረጴዛው ላይ አንድ የመስኮት ናሙና አለ። ከኋላው ትልቅ የሙቀት መብራት አብርቶ አንድ በአንድ እጃችንን መስታወቱ ላይ አስደረገን።

"ሙቀቱ ይሰማችኋል?"

"አይሰማም!" አልን በአንድ ድምፅ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ።

እጄን አወጣሁ። "ሥራው በትክክል ምንድን ነው?" አልኩት።

"ቤተሰቦችን መርዳት" አለኝ።

"ደመወዙስ?"

"የአንተ ገቢ ወሰን የለውም፣ ወዳጄ።"

ወሰን የለውም ያለው ወደ ላይ ነው ወይስ ወደ ታች ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ዕረፍት ስንወጣ ከጎኔ የተቀመጠች ጠና ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ቦርሳዋን አንስታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ልጄ፣ ይሄ የሰው በር እያንኳኩ መስኮት መሸጥ ነው። እኔ ሄድኩ። ኮትህ ግን ያምራል።" ትዕግሥት የሌላት ሴት ብዬ በሆዴ ታዘብኳት። አሁን የት እንዳለች ባውቅ ሄጄ እጇን በሳምኩ።

ከቀትር በፊት በግል አነጋገሩኝ። ብራያን አጠገብ አንድ ሸሚዙ የተተኮሰ ጠይም ሰው ተቀምጧል፤ "ማይክ" ብሎ ተዋወቀኝ። ብራያን ስልክ ሊያነጋግር ሲወጣ ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሰላም ነው ያገር ልጅ? ሚካኤል እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሆጤ ሰፈር።"

"አትለኝም! እኔ ኮምቦልቻ ነኝ!"

ከወንበሩ ተነስቶ በትከሻ ሰላም አለኝ። እመኑኝ፣ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜን አስተካክሎ የጠራኝ አለቃ አልነበረም። እዚህ ቤት ሰው አለኝ፣ ሥራው የኔ ነው አልኩ።

"ብሮ፣ አትጨነቅ። ብራያን ወዶሃል። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረህ" አለና ወረቀት ገፋ አደረገልኝ።

ሠላሳ መስመር አለው። ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ፣ ዝምድና። በመጨረሻው ዓምድ ላይ ትንንሽ ሣጥኖች አሉ፤ ከላያቸው "የቤት ባለቤት ነው?" ይላል።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"በደንብ የሚያውቁህን፣ የሚያምኑህን ሰዎች ሙላልኝ። ቤት ያላቸውን።"

ቤት ያላቸውን ሲል ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ የታወቀ መሳቢያ ተከፈተ። ስንት ዓመት እኔው ራሴ የተናገርኩት ነገር ነው።

"እንደ ዋስ ነው?" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያኔ ለቃሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም የሚፈልግልኝ መሰለኝ። ከዚያ ፈገግ አለ።

"አዎ፣ እንደ ዋስ በለው። አንተማ ወዲያው ገባህ።"

አያችሁ፣ ደስ አለኝ! አሜሪካም ዋስ ታስጠራለች ለካ አልኩ። እንዲያውም ኮራሁ። ቤተሰብ መርዳት ምናምን የሚለው ወሬ ሁሉ ተነነና ሥራው የምር ሥራ መሰለኝ። ዋስ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት የተከበረ መሥሪያ ቤት ነው፤ ይህን ለራሴ ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ሠላሳ ሰው አላውቅም። አሥራ አንድ ጻፍኩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው በሚያደንቀው የእጅ ጽሑፌ፣ አንድም ሳልሰርዝ። ስልካቸውን ከሞባይሌ እያየሁ፣ የቤታቸውን ቁጥር እያስታወስኩ። አንደኛው መስመር ላይ እትዬ ፋጡማን አሰፈርኩ፤ ዝምድና በሚለው ቦታ "እናት" ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛ አፐር አርሊንግተን ሰፈር የሚኖሩትን ጋሼ ተፈራን። ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፤ ለቅሶም ሰርግም ሲኖር እኛን አገናኝተው የሚያስተባብሩን እሳቸው ናቸው። እንዲህ እያልኩ እያንዳንዱን ሰው ሳሰፍር ቅር ይለው ይሆን እያልኩ በልቤ እመዝን ነበር። ዋስ ቀልድ አይደለም።

"እንደ ወጉ ቀድሜ ልንገራቸው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ኖ ኖ፣ እንዳትነግራቸው። ካምፓኒው ራሱ ነው ኮንታክት የሚያደርጋቸው። ቀድመህ ከነገርካቸው ቬሪፊኬሽኑ ይበላሻል።"

ይህም ልክ መሰለኝ። እኛም ፋብሪካ ውስጥ ዋስ የምናጣራው በድንገት ነበር። ሚካኤል ወረቀቱን አንስቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"እናትህ እዚህ ናት?" አለ የመጀመሪያውን መስመር እየነካ።

"የወለደችኝ አይደለችም። ከወለደችኝ አትተናነስም።"

"በጣም ጥሩ" አለና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ፋይል ውስጥ አልነበረም የከተተው። አየሁት፣ ግን አላስተዋልኩትም።

ረቡዕ ስልኬን ከእጄ ሳልለይ ዋልኩ። ሐሙስም ማንም አልደወለም። ሐሙስ ወደ ማታ ላይ የደወሉት እትዬ ፋጡማ ነበሩ።

"ደህና ነህ ይመርዬ? ወገብህስ?"

"ደህና ነኝ እትዬ። ምነው፣ ምን ተገኘ?"

"ኧረ ምንም። እንዲሁ ነው። አብሽር ልልህ ነው፣ አላህ ያውቃል።"

ድምፃቸው ውስጥ የታፈነ ሳቅ ነበር፣ ለሰው ስጦታ ደብቆ እንደያዘ ሰው። አጣርተዋቸዋል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። እኔም ቬሪፊኬሽኑ እንዳይበላሽ ምንም አልጠየቅኳቸውም።

ሰኞ ጠዋት መጋዘን ውስጥ ለዕረፍት ቁጭ እንዳልኩ ጋሼ ተፈራ ደወሉ። እኚህ ሰው ሰላምታ የሚያረዝሙ ናቸው፤ የዚያን ዕለት ሰላምታ የሚባል ነገር አልነበረም።

"አንተ፣ እኔ ምን አድርጌሃለሁ?"

"ምነው ጋሼ?"

"ሁለት ጎረምሶች ትናንት በሬን ሲደበድቡ ነበር። 'ይመር ልኮን ነው፣ እርስዎ ሳይፈርሙ ሥራ አያገኝም' ይሉኛል። ምኔን ነው የምትሸጠው?"

"ጋሼ፣ እሱ እኮ የዋስ ነው። ዋስ ብዬ ነው የጻፍኩዎት፤ እያጣሩ ነው።"

እሳቸው በጣም በቀስታ ተናገሩ፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያ ቀስታ ነው ያስፈራኝ።

"ስማኝ ልጄ። አሜሪካ ውስጥ ለሥራ ዋስ የሚባል ነገር የለም። ሰዎቹ መስኮት ሻጮች ናቸው። ኮንትራት ነው የሚያስፈርሙት። እኔ አንብቤ ነው የመለስኳቸው። ሌላ ማን ማንን ጻፍክ?"

ያንን የታፈነ ሳቅ ያኔ አስታወስኩት። ካርቶኖቹን እንዳሉ ትቼ፣ ለሱፐርቫይዘሩ እናቴ ታማለች ብዬ ዋሽቼ ወጣሁ። ከግሮቭ ሲቲ እስከ እሳቸው ቤት የነዳሁት መንገድ አንዱም ትዝ አይለኝም።

በሩ እንደ ወትሮው ክፍት ነበር። ገፍቼ ገባሁ።

"ግባ፣ ክፍት ነው!" አሉ ከወጥ ቤት። ወጥተው ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። "ነገሩህ? ሥራውን አገኘህ አይደል?"

"እትዬ፣ የመጣ ሰው አለ? የሚያስፈርም?"

"ሐሙስ ዕለት ነዋ! ያ ሸጋ ልጅ፣ የሆጤው። እንዳልነግርህ ብሎኝ እኮ ነው አፌን የያዝኩት። ፈረምኩልህ!"

"ምን ብሎ ነው ያስፈረመዎት?"

"ዋስ ነዋ። 'ለይመር ዋስ ይሆናሉ ወይ?' አለኝ። ለእሱ ያልሆንኩ ለማን ልሆን አልኩት። ቤቱን አየ፣ መስኮቱን ለካ። ዋስ የሚሆን ሰው ንብረቱ ይታያል አለኝ፣ እሱስ እውነቱን ነው። እዚያች ታብሌት ላይ በጣቴ ፈረምኩ። አንድ ቦታ አይደለም፣ ሰባት ስምንት ቦታ። አንዴም እጄ አልከበደኝም።"

ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። በኮምቦልቻ ቢሮዬ ስንት ዋስ ሲያስብ አይቻለሁ። እሳቸው እኔን ብለው ሳያስቡ ፈረሙ። ሰውዬው ቃሉን ከማን አፍ እንደወሰደው ደግሞ አውቃለሁ። ዋስ የምትለውን ቃል በእጁ ያስጨበጥኩት እኔ ነኝ።

ልጃቸው ሰሚራ ከላይ ሆና በኮምፒውተር ትሠራለች። ጠራኋት። እዚህ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። የእናቷን ስልክ ከፍታ ኢሜይሉን አገኘችውና ቆማ ማንበብ ጀመረች። ስታነብ ፊቷ እየተለዋወጠ ሄደ።

"ማሚ፣ ዋት ዲድ ዩ ሳይን?"

"ዋስ ነው ያልኩሽ። ለይመር።"

"ማሚ፣ ኖ። ኢትስ ዊንዶውስ። ፎርቲን ዊንዶውስ። ዜይ ካን ፑት ኤ ሊን ኦን ዘ ሃውስ!"

እትዬ ፋጡማ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ትላለች?"

አሥራ አራት መስኮት በብድር እንደገዙ፣ ካልከፈሉ ቤታቸው ላይ ዕዳ እንደሚመዘገብ በአማርኛ መናገር የኔ ዕጣ ሆነ። ተናገርኩ። አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ጣታቸውን አዩ፣ የፈረሙባትን።

ሰሚራ እያነበበች ታች ድረስ ወረደች። መጨረሻው ላይ በደቃቅ ፊደል ያለችውን ነገር ያገኘችው እሷ ናት፦ ቤቱ ድረስ ሄደው ያስፈረሙት ሰው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መሰረዝ ይችላል። ሐሙስ ነው የተፈረመው። አርብ አንድ፣ ቅዳሜም ስለሚቆጠር ሁለት፣ ሰኞ ሦስት። ሰኞ ማለት ያቺው ዕለት ነበረች።

የስረዛውን ወረቀት ፕሪንት አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። እንዲህ ሆነላችሁ፤ ያችን ለእኔ ብለው ያላሰቧትን ማሰብ ያኔ አሰቧት። እስክሪብቶውን ይዘው ወረቀቱን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ፣ እንደገና ወረቀቱን ያያሉ።

"ይሄኛውስ ምንድን ነው?" አሉ።

"መሰረዣ ነው እትዬ። ወላሂ መሰረዣ ነው።"

በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ያፈርኩበት ጊዜ የለም። እንዲያምኑኝ መማል ነበረብኝ፣ እኔ! ሰሚራ አንብባ በተሰባበረ አማርኛዋ ስታስረዳቸው ነው የፈረሙት፣ በእኔ መሐላ አይደለም።

አንዱን ቅጂ ከፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላክነው። ሁለተኛውን ይዤ እኔ ወደ ሰሜኑ ሕንፃ ነዳሁ። ሙዚቃው እንዳለ ነው። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሌሎች አሥር ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ደወል ተመታ፣ አጨበጨቡ። ብራያን ወረቀቱን አንብቦ ምንም አልተናደደም፤ ቅጂው ላይ ፈርሞ ቀኑን ጽፎ ሰጠኝ። የለመደው ሥራ ነው የሚመስለው። ወጥቼ መኪናዬ ጋ ስደርስ ሚካኤል እየሮጠ ተከተለኝ፣ ፈገግ ብሎ።

"ብሮ! ኮንግራ! ልደውልልህ ነበር። ሊስትህ እኮ አንደኛ ነው፣ ብራያን ራሱ ተገርሟል። ነገ ስታርት ታደርጋለህ።"

"ዋስ ነው ብለኸኝ ነበር።"

"ዋስ ማለት ምን ማለት ነው? የሚያምንህ ሰው ማለት አይደለም እንዴ? እኛም የምንፈልገው እሱኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሰው የማያውቀውን ሰው በር አያስገባም። አንተን ግን ያስገቡሃል።"

"እናቴ ናት አልኩህ እኮ ሚካኤል።"

"መስኮታቸው አሮጌ ነው አይደል? ንፋስ ያስገባል። ምን ጎዳኋቸው?"

ልመታው ፈልጌ ነበር። የጋሼ እንድሪስን ኮት ለብሼ ስላልነበር ይሆናል፣ እጄ እንኳ ተነስቶ ነበር። የተናገርኩት ግን ያላሰብኩትን ነው።

"አንተ መጀመሪያ መስመር ላይ የጻፍከው ማንን ነው?"

ፈገግታው ሄደ። በእጁ ያለችውን የመኪና ቁልፍ ያገላብጣት ጀመር።

"የእናቴን እህት" አለ።

"ታነጋግርሃለች?"

ከሕንፃው ውስጥ ደወሉ እንደገና ተመታ፤ ወደዚያ ዞር አለና ሄደ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ብራያን በአማርኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ማወቅም አላስፈለገውም።

ስመለስ እትዬ ፋጡማ ከተቀመጡበት አልተነሱም ነበር። የብራያንን ፊርማ አሳየኋቸው። ተሰርዟል፣ ቤቱ ነፃ ነው፣ አለቀ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሲወጣ ጉልበቴን ስሞ ነው የወጣው።"

"ማን?"

"ያ ልጅ። እናት የለኝም፣ ይመርቁኝ ብሎ ጎንበስ አለ። ዱዓ አደረግኩለት። እጄን ዘርግቼ፣ ረጅም ዱዓ። ላንተ የማደርገውን ነው ያደረግኩለት።" ቀና ብለው አዩኝ። "እሱስ ይሰረዛል?"

የያዝኩትን ቅጂ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። የጻፍኳቸውን አሥራ አንድ ሰዎች በሙሉ በአካል እየሄድኩ ይቅርታ ጠየቅኩ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሻይ አቀረበ። አንድ ሰው ከበሩ ጀርባ ሆኖ ሰማኋህ ብሎ መለሰኝ። ጋሼ ተፈራ ታሪኩን ራሳቸው በየለቅሶው ይናገሩታል፣ ስሜን ሳይጠሩ፤ ሁሉም ግን እኔን ያየኛል። ሚካኤልን መጥላት ቀላል ነበር፣ ብዙ ጊዜም ጠልቼዋለሁ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ። ነገር ግን እውነቱን ከጠየቃችሁኝ፣ ዕንቅልፍ የሚነሳኝ ሚካኤል አይደለም። እትዬ ፋጡማን የጣላቸው ፈረስ እኔ ነኝ። ሌላው እንኳ ይቅር፣ የሌላ ሰው ስም ያለ ፈቃዱ ወረቀት ላይ ማስፈር ይቅርታ የማይመልሰው ነገር አለው። የሰው ስም የራሱ ነው፤ በፍቅር እንኳ ቢሆን ሳትጠይቁ አትጻፉት። ቸኩሎ ለሚፈልጋችሁ ሥራ ደግሞ፣ በእናታችሁ፣ ምኔን ነው የሚፈልገው በሉ። የኔን ጉልበት አልፈለጉም፣ ችሎታዬንም አልፈለጉም። የሚያምኑኝን ሰዎች ነው የፈለጉት። ያ አናጺም አንዳንድ ጊዜ ይታየኛል። ያን ዕለት ዋስ ያጣ መስሎኝ የመለስኩት ሰው ምናልባት ሰው ላለማስቸገር ብሎ ዋስ ሳይጠራ የመጣ ይሆናል።

ከዓመት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ታማሚዎችን በተሽከርካሪ ወንበር የማመላለስ ሥራ አመለከትኩ። ፎርሙ ሦስት የሚያውቁኝ ሰዎች ስም ይጠይቃል። ለምን እንደሚፈልጉት፣ ማን እንደሚደውል፣ ምን እንደሚጠይቅ የቢሮዋን ሴትዮ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ከዚያ የመጀመሪያውን መስመር ባዶ ትቼ፣ ወረቀቱን ይዤ ወደ እትዬ ፋጡማ ሄድኩ። እጥፉ ሳይፈታ ያቆየሁትን የጋሼ እንድሪስን ኮት ለብሼ።

በሩን ገፋሁት፤ አልተገፋም። ከጎኑ ሰሚራ የገጠመችው ካሜራ ያለው ደወል አለ። ተጫንኩት። ትንሽ ቆይቶ የእሳቸው ድምፅ ከዚያች ትንሽ ቀዳዳ መጣ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ እትዬ። ይመር ነኝ።"

ሁለት ቁልፍ ተፈታ። ኮቱን አይተው እጅጌውን ዳበስ አደረጉልኝ፣ አስገቡኝ፣ ምሳ አበሉኝ። ወረቀቱን አውጥቼ ነገሩን አስረዳኋቸው። ስም ብቻ እንደሆነ፣ ፊርማ እንደሌለበት፣ እምቢ ቢሉም እንደማይከፋኝ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩት፣ ከዚያ ሰሚራን ጠርተው አስነበቡት። ረጅም ጊዜ አሰቡ።

"ስሜን ጻፍ" አሉኝ። "ስልኬንም ጻፍ። ቤቴን ግን እንዳትጽፍ።"

እንዳሉኝ ጻፍኩ። ሲሸኙኝ በሩ ድረስ መጡ፤ ደረጃውን ወርጄ መኪናዬ ጋ ከመድረሴ በፊት ሁለቱም ቁልፎች ሲዞሩ ሰማሁ።